ወንዙ ሲለማ ጉሬዛው በየት ይለፍ?

አዲስ አበባ ውስጥ ወንዝ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ሽታው ነው። ቀበና ግን ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቤቶች ሳይበዙበት፣ ሌላ ወንዝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ዳርቻውን ይዤ በእግር ወደ ላይ መውጣት ልማዴ ነው።

ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ከደረሳችሁ መንገዱ ላይ የደረቀ ነጭ የጅብ ኩስ ታያላችሁ። የሚነጣው ከሚበላው አጥንት የተነሳ ነው። አያ ጅቦ ራሱ ግን ሳይነጋ ጎሬው ገብቷል። ትንሽ ቆይቶ ጋጋኖዎች በቡድን እየጮኹ ያልፋሉ። በየጠዋቱ ስለምንሰማቸው ከቁብ አንቆጥራቸውም እንጂ፣ ጉሮሮው ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የትም አይገኝም።

ጉሬዛን ለማየት ግን ቆም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ረጅሙ ነጭ ጭራ ይታያል። ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ነው፤ እንደ ጦጣ መሬት ለመሬት መሮጥ አያዘወትርም። ኑሮው ከዛፍ ወደ ዛፍ ነው። የዛፉ ሰልፍ ከተበጠሰ መንገዱ ተበጠሰ ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ ተነግሮናል። ልማቱን አልቃወምም። የከተማችን ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ወርደው አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ በአቃቂ ውሃ የበቀለው ጎመንም ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። ወንዙ መጽዳት አለበት።

ጥያቄዬ ስለ ዳርቻው ነው። የተከረከመ ሣር ጅብ አይደብቅም። ተራርቆ የተተከለ ዘንባባ ለጉሬዛ መንገድ አይሆንም። ሁለቱንም ዳር በድንጋይና በሲሚንቶ ከሸፈንነው የሚቀረን ንጹሕ ቦይ እንጂ ወንዝ አይደለም።

«ከተማ መሃል ጅብ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። የሞተ አህያ፣ የሞተ ውሻ፣ የእርድ ትርፍራፊ ሌሊቱን ያለ ደመወዝ የሚያነሳልን ማን ሆነና!

ስለዚህ ሰው በአንዱ ዳር ይንሸራሸር፤ ሌላኛው ዳር ከነቁጥቋጦው ይተው። ዛፍ የሚተከል ከሆነም ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ተጠጋግተው ይተከሉ። እዚያ በኩል የሌሊት መብራት አይብዛ። ቁጥቋጦን ለመተው ጨረታም ተቋራጭም አያስፈልግም፤ መጥረቢያውን ማስቀመጥ ብቻ ነው።