የተዘጋው ረጅም መንገድ

በአገራችን መንገደኛን የሚያስቀረው የክረምት ሙላት ነው፤ ወንዝ ሞልቶ ዘመድ ከዘመድ ማዶ ለማዶ ሲተያይ ማደሩን በልጅነታችን አይተናል። ዛሬ በምንኖርበት በካሊፎርኒያ ግን መንገድ የሚዘጋው ውሃ በመብዛቱ ሳይሆን ውሃ በመጥፋቱ ነው። ይህም ነገር በቤታችን ያደረሰውን ጥቂት ኀዘንና ከእርሱ ያገኘነውን ትምህርት ለቤተ ሰብ ወላጆች ለመግለጽ ወደድን።

በአሜሪካ ምዕራብ ፓሲፊክ ክረስት ትሬይል የሚባል የእግር መንገድ አለ። ይኸውም ከሜክሲኮ ድንበር ተነሥቶ ካሊፎርኒያን፥ ኦሪገንንና ዋሽንግተንን በተራራው አናት ላይ አቋርጦ እስከ ካናዳ ድንበር ይደርሳል፤ ርዝመቱም 4,265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ በ1993 ሥራው ተፈጸመ። ሁሉን ለመፈጸም አምስት ወር ያህል ስለሚፈጅ፥ ብዙዎች በኤፕሪል ገደማ ከደቡብ ተነሥተው የሰሜኑ በረዶ ሳይወርድ ለመድረስ ይጣደፋሉ።

እኛ በልጅነታችን በእግር የሄድነው ለገበያ፥ ለትምህርት ቤት፥ ለሠርግና ለለቅሶ ስለ ነበረ፥ ሰው ስንቁን አዝሎ ለደስታ ብቻ ከተራራ ወደ ተራራ መሄዱ እጅግ ይገርመን ነበር። ልጃችን ግን ለከፍተኛ ትምህርት ከቤት ከመውጣቷ በፊት፥ የዚህን መንገድ አንዱን ክፍል ከእኛ ጋር ለመሄድ ለመነችን። የመረጠችውም ዮሴሚቴ ከሚባለው ፓርክ ተነሥቶ የዶናሁን በር ተሻግሮ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ነበር፤ ለእኛ ዓይነቱ መንገደኛ የስድስት ቀን ጕዞ ነው። እኛም እሺ ብለን ፈቃዱን ከሥራ ቤታችን አገኘን፤ በሶ አስፈጭተን፥ ቆሎ ቆልተን፥ ድርቆሽ አድርቀን፥ ለሴፕቴምበር ወር 2021 ዓ.ም. ተዘጋጀን።

በዚያው ዓመት በጁላይ 13 ቀን ዲክሲ የተባለው እሳት በሰሜን ካሊፎርኒያ ተነሣ። በኦገስት 4 ቀን ግሪንቪል የምትባለውን ትንሽ ከተማ አጠፋ፤ 390,000 ሄክታር ያህል ምድርም በላ። ከዚያ አስቀድሞ የሴራ ኔቫዳን ተራራ አናት ተሻግሮ ወደ ማዶ የወረደ እሳት አልታወቀም ነበር፤ የእግር መንገዱ የሚሄደውም በዚሁ አናት ላይ ስለ ሆነ ብዙ ቦታ ተዘጋ። በኦገስት 31 ቀን ደግሞ በካሊፎርኒያ ያሉ የመንግሥት ደኖች ከሞላ ጎደል በጠቅላላ እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ትእዛዙም እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን ጸና። የእኛ ስድስት ቀን በዚያ መካከል ቀረ።

ልጃችን አለቀሰች። «እኛ በምንሄድበት ስፍራ እሳት የለም፤ የሌለን እሳት ስለ ምን እንፈራለን?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄዋ የሚናቅ ስላልነበረ፥ ዝም በይ ከማለት ይልቅ አብረን መረመርነው።

በ2020 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 5 ቀን፥ ከመረጥነው መንገድ ብዙ በማይርቅ ደን ውስጥ የክሪክ እሳት በድንገት መውጫውን ስለ ዘጋ፥ ከ200 የሚበልጡ ሰፋሪዎች ከአንድ የውሃ ግድብ ዳር በሄሊኮፕተር ተወስደው ዳኑ። በ2017 ዓ.ም. በኦሪገን፥ በኢግል ክሪክ ሸለቆ፥ አንድ የ15 ዓመት ልጅ በበጋ ድርቅ ርችት ወረወረ፤ 150 ያህል እግረኞች መመለሻ አጥተው በጫካ አደሩ፤ ወደ 20,000 ሄክታር የሚጠጋ ደንም ተቃጠለ። ልጁም 1,920 ሰዓት ለሕዝብ እንዲሠራ ተፈረደበት። እንግዲህ መንገዱ የሚዘጋው ስለሚነደው እሳት ብቻ ሳይሆን፥ ሊነሣ ስለሚችለው እሳትና እኛን ለማውጣት ነፍሱን አሳልፎ ስለሚሰጠው ሰው ጭምር መሆኑን ተረዳን። እሳት አጥፊዎች በሌላ ስፍራ ሲደክሙ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ ደስታ ሄሊኮፕተር ማስጠራት ተገቢ አይደለም።

የነገሩም ሥር ጥልቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ኤፕሪል መጀመሪያ በሴራ ኔቫዳ የተገኘው በረዶ ከአማካዩ ከመቶ 5 እጅ ብቻ ነበር፤ ድርቁና በቅርፊት ውስጥ የሚራባው ጥንዚዛ ተባብረው ከ2010 እስከ 2017 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ 129 ሚሊዮን ዛፎች ገደሉ። የአየሩ ሙቀት ከዓመት ወደ ዓመት መጨመሩ አፈሩንና ቅጠሉን አደረቀ። የጥንት ባላገሮች በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እያቃጠሉ ጫካውን ያጸዱት ነበር፤ ከእነርሱ በኋላ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ማናቸውም እሳት ወዲያው እንዲጠፋ ስለ ተደረገ ማገዶው ተከማቸ። የእኛም አገር ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለችም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጓሳው ሣር ተቃጥሎ ልባችንን አሳዝኖት ነበር።

ያን ስድስት ቀን በቤት ዋልን። ጢሱ ከከተማችን በተገፈፈ ጧት በየመንደሩ በእግር ሄድን፤ ለተራራ የተዘጋጀውንም ድርቆሽ በሳሎናችን በላን። ልጃችን እናቷ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ የተጓዘችውን መንገድ ያን ጊዜ ጠይቃ ሰማች። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርቷ ሄደች፤ የዶናሁን በር ግን እስከ ዛሬ በአንድነት አልተሻገርነውም። ይህ ጉድለት በሌላ ነገር ተሟላ ብለን አንዋሽም።

ወላጆች ሆይ፥ የመንገድ ጕዞ ስታስቡ ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፥ የተዘጋ መንገድ በር ባይኖረውም እንደ በር ይከበር። ሁለተኛ፥ ለልጆቻችሁ ክልከላውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ንገሯቸው፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ወላጅ በሌለበትም ይጠነቀቃል። ሦስተኛ፥ እሳት በተፈቀደበት ስፍራ ያነደዳችሁትን ውሃ አፍስሳችሁ፥ አመዱ ለእጅ እስኪቀዘቅዝ ሳትነኩ አትነሡ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው፤ ከተቃጠለ በኋላ ሄሊኮፕተሩም፥ ትእዛዙም፥ የልጅ ልቅሶም አንዲት ዝግባ አይመልሱምና።