አንድ እና አንዳንድ

ከሞጣ ገበያ የተመለሰ ሰው «እንቁላል ገዛሁ» ሲል የገዛው አንድ ይሁን አሥር፣ ሰሚው ካልጠየቀ አያውቅም። አሥር መሆኑን ሲገልጽም «አሥር እንቁላል» ይላል እንጂ «እንቁላሎች» ለማለት አይገደድም። እንግሊዝኛ ግን ይህን ነፃነት አይሰጥም። ስሙ ተቆጣሪ፣ ነጠላና ለሰሚው አዲስ ከሆነ ኢእሙሩ መስተአምር ይቀድመዋል፤ «አን ኤግ» ይባላል። ብዙ ሲሆን መስተአምሩ ይወድቃል፤ «ኤግስ» ወይም «ሳም ኤግስ» ይሆናል። እንደ ጤፍ ያለውንም የማይቆጠር ስም «ኤ» አይቀድመውም።

እንግዲህ የብቸና ተማሪ መስተአምሩን ቢዘነጋ፣ ወይም «ከስም ፊት ኤ ይግባ» የተባለውን ይዞ «ኤ ኤግስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህ የስንፍና ምልክት ነውን? አይደለም። በመጀመሪያው የእናቱን ቋንቋ ሕግ ጠብቋል፤ በሁለተኛው የተሰጠውን ግማሽ ሕግ በታማኝነት ፈጽሟል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ስላደረገው፣ በቀይ ቀለም ብቻ የታረመ ተማሪ የሚያጣው የሰዋስው ነጥብ ብቻ አይደለም፤ በሌሎቹም ትምህርቶች ሐሳቡን ለመግለጽ ይፈራል።

መፍትሔው ከራሱ ከአማርኛ ይጀምራል። የእንግሊዝኛው «አን» በጥንት ዘመን «አንድ» ማለት ነበር፤ ኋላ በተነባቢ ድምፅ ፊት መጨረሻው ወድቆ «ኤ» ሆነ። ዛሬም የሚወስነው ድምፅ እንጂ ፊደል ስላልሆነ «አን አወር»፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» ይባላል። አማርኛም «አንድ ሰው መጣ» ብሎ ለብዙ «አንዳንድ ሰዎች መጡ» ይላል። ድልድዩ ይህ ነው። የሚሰበርበትም ቦታ መታየት አለበት፤ አማርኛ «እሱ መምህር ነው» ብሎ ሲያበቃ፣ እንግሊዝኛ «ሂ ኢዝ ኤ ቲቸር» እንዲባል ያስገድዳል።

ቋንቋን ከቋንቋ እያነጻጸሩ ማስተማር ለምሥራቅ ጎጃም እንግዳ አይደለም። ከብቸና በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ግዕዙን በአማርኛ እየፈታ ሰዋስው ተምሯል። በግዕዝም መስተአምር የለም፤ «ብእሲ» አንድ ሰው ወይም ሰውየው መሆኑ ከዐረፍተ ነገሩ ይታወቃል። የእንግሊዝኛ መምህርም ይህን የአገር ስልት ቢከተል፣ ተማሪው አዲሱን ሕግ የሚማረው የራሱን ሕግ ዐውቆና አክብሮ ይሆናል።