ዘመድ በመልክ አይታወቅም
(ከሮስኮፍ ባሕር ዳር)

አንባቢ ሆይ፤ በፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ፣ ብሪታኒ በተባለው አገር፣ ሮስኮፍ የምትባል አነስተኛ የወደብ ከተማ አለች። ወደዚያ የሄዱ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚቀበልዎ የሽንኩርት እርሻ፣ ቀጥሎም የባሕር ሽታ ነው። የአገሩ ገበሬ ማሳውን ሲያዳብር የኖረው ከባሕር በሚሰበስበው አልጌ ነበር።

በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን፣ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መካከል እስከ 9 ሜትር የሚደርስ ልዩነት አለ። ውኃው ሲሸሽ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ጋደል ብለው ይቀራሉ፤ ዓለቱም ቡናማ ጸጉር ለብሶ ብቅ ይላል። ጎንበስ ብለው ቢያዩት ግንድ፣ ቅጠልና ሥር የሚመስል ነገር አለው። እኔም ተማሪዎቼን «ይህ የባሕር ተክል ነው» ብዬ አስተምሬ ነበር። አንዱ ተማሪ «ሥሩ ውኃ ካልሳበ ምኑ ተክል ነው?» ቢለኝ ተቆጥቼ አስቀመጥሁት።

በዚሁ ባሕር ዳር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 የተመሠረተ የሥነ ሕይወት ምርምር ጣቢያ ይገኛል። ሊቃውንቱ ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ኤክቶካርፐስ የተባለውን እንደ ጸጉር የቀጠነ ቡናማ አልጌ መርጠው ዲ.ኤን.ኤውን አነበቡ፤ ውጤቱንም በ2010 አሳተሙ። ርዝመቱ 214 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነው።

የዲ.ኤን.ኤ ፊደሎች 4 ብቻ ናቸው። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጡ አልፎ አልፎ ግድፈት ይገባል፤ ግድፈቱም ለትውልድ ይተላለፋል። በሁለት ቁም ጸሐፊዎች የተገለበጡ ሁለት ዳዊቶች በብዙ ስፍራ አንድ ዓይነት ግድፈት ቢገኝባቸው፣ ከአንድ ቅጂ መውረዳቸውን እናውቃለን። የአልጌም ዝምድና የሚቈጠረው እንዲሁ ነው።

በዚህ ቈጠራ ቡናማው አልጌ ከጥድና ከዋርካ እጅግ የራቀ ሆኖ ተገኘ፤ ይልቅስ የሚዛመደው ዳያቶም ከተባሉት፣ በማጉያ መነጽር ካልሆነ ከማይታዩት ደቂቅ ፍጥረታት ጋር ነው። ኤክቶካርፐስንም የቀድሞ ሊቃውንት በቅጥነቱ ምክንያት የነገዱ ጥንታዊ መነሻ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ዲ.ኤን.ኤው ግን በባሕር ውስጥ እንደ ደን ለሚቆመው ለግዙፉ ኬልፕ የቅርብ ዘመድ መሆኑን መሰከረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ሮስኮፍ ለመድረስ ቢበቁ ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት ጠይቀው ይውረዱ፤ ዓለቱ ያዳልጣልና ይጠንቀቁ። ያዩትን ሁሉ ግን በመልኩ ብቻ አይፍረዱበት። እኔ አገሬ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ያንን ተማሪ በክፍሉ ፊት ይቅርታ መጠየቅ ነበር።