የፕሮቶን ስፒን የት ገባ?

ኤምአርአይ ተነስቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የፕሮቶን ስፒን ባለውለታ ነው። ማሽኑ ምስል የሚያወጣው በሰውነት ውሃና ስብ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች እንደ ጥቃቅን ማግኔት ስለሆኑ ነው። ማግኔት ያደረጋቸው ደግሞ ስፒን የሚባለው ባህሪያቸው ነው። ሐኪም ቤት በየቀኑ የሚሠራበት ይህ ባህሪ ከየት እንደሚመጣ ግን ዛሬም ተሟልቶ አልታወቀም።

ነገሩ መጀመሪያ ቀላል መስሎ ነበር። ፕሮቶን በሦስት ኳርኮች የተሠራ ነው፤ የእያንዳንዱ ስፒን ግማሽ ነው። ሁለቱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ቢሆኑ ድምሩ ግማሽ ይመጣል፤ ልክ የፕሮቶኑን ያህል። አለቀ!

ይህን በሙከራ ለማየት ቆርጦ የተነሳው የዬል ዩኒቨርሲቲው ቬርነን ሂውዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ስላክ ቤተ ሙከራ፣ ስፒናቸው የተሰለፈ ኤሌክትሮኖች ስፒናቸው በተሰለፈ ፕሮቶኖች ላይ ተተኮሱ። የሁለቱ ስፒን አንድ አቅጣጫ ሲይዝና ሲቃረን፣ ተጋጭተው የሚበተኑት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ይለያያል፤ ልዩነቱ ኳርኮቹ ወዴት እንደዞሩ ይናገራል። በወሬ ነው የሚቀለው እንጂ፣ ፕሮቶኖቹን ለማሰለፍ ብቻ ዒላማውን ወደ ፍፁም ዜሮ አቅርቦ ማቀዝቀዝና በኃይለኛ ማግኔት መያዝ ግድ ነው።

ውጤቱ ከተጠበቀው ጋር ተስማማ። ነገር ግን ስላክ ያየው ከፕሮቶኑ ሞመንተም ከአስር አንድ በላይ የተሸከሙትን ኳርኮች ብቻ ነበር። ከዚያ በታች ያለው በግምት ተሞላ። ግምቱም፣ እንደተለመደው፣ ሁሉም ወደሚፈልገው መልስ አደላ።

ጄኔቭ ያለው ሰርን በኤሌክትሮን ፈንታ ከባድ ዘመዱን ሙዮንን ተጠቅሞ እስከ መቶ አንድ ድርሻ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው ውጤት አስደነገጠ፦ የኳርኮቹ ስፒን አስተዋፅኦ እጅግ ትንሽ ነው፣ ከስህተት ህዳጉ ጋር ሲታይ ዜሮም ሊሆን ይችላል። ከሠሪዎቹ አንዱ ያው ሂውዝ ነበር። የራሱ የቀድሞ ልኬት ስህተት አልነበረበትም፤ ያጠረው ስፋቱ ነው።

ፊዚክሰኞች «የስፒን ቀውስ» አሉት። ስሙ ትንሽ ተጋኗል፤ ፕሮቶኑ ምንም አልሆነም፣ የተቃወሰው ሂሳቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ስላክ፣ የሃምቡርጉ ኸርሜስና ሌሎችም ደጋግመው ለክተው የኳርኮቹን ድርሻ 30 በመቶ ገደማ አደረሱት። የቀረውን ኳርኮቹን አጣብቀው የሚይዙት ግሉኦኖችና የሁሉም የውስጥ ዙረት ይጋሩታል። ማን ስንቱን እንደያዘ ለመለየት አሜሪካ ብሩክሄቨን ላይ፣ የተሰለፉ ኤሌክትሮኖችን ከተሰለፉ ፕሮቶኖች ጋር የሚያጋጭ አዲስ ማሽን አቅዳለች። ግሉኦኖች በብዛት የሚገኙት አሁንም በደንብ ባልተለካው፣ ከመቶ አንድ በታች ባለው ድርሻ ውስጥ ነው።