የአክስቴ መልክ በሦስት ቁና

እኛ ሰው ስንገልጽ ከስሙ ቀጥሎ የምናነሳው መልኩን ነው። «ቀይ ነው?» ሲሉን «ኧረ ጠይም ነው» እንላለን። «የቀይ ዳማ ናት እንጂ ቀይስ አትባልም» ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። ኮምፒውተር ግን እነዚህን ቃላት አያውቃቸውም። እሱ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው።

አክስቴ ያረፈች ጊዜ ነገሩ ቤታችን ድረስ መጣ። ለአርባዋ አንድ የድሮ ፎቶ ተመረጠ። አሜሪካ ያለው ልጇ በኮምፒውተሩ ጭረቱን አጽድቶ ላከልን። አንዱ ዘመድ ወደ ፎቶ ቤት፣ ሌላው ወደ ቲሸርት አታሚ፣ ሦስተኛው ወደ ማተሚያ ቤት ይዞት ሄደ። ሥራው አልቆ ሲመጣ አክስቴ ሦስት ሴት ሆና ቁጭ አለች። ቲሸርቱ ላይ አመድ የነካት መስላለች፤ ወረቀቱ ላይ ወደ ቢጫ ሄዳለች፤ ትልቁ ፍሬም ውስጥ ያለችው ደግሞ ቀይ ናት። አብረዋት ያረጁት ጎረቤቷ እማማ ፍሬሙን ትኩር ብለው አዩና፣ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፎቶ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ቁጥር አላት፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 255 ይቆጠራሉ። ነገር ግን «ቀይ 150» ማለት ብቻውን «ሦስት ቁና ጤፍ» እንደማለት ነው። በየትኛው ቁና? የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው አይገጥምማ! የፎቶ ቁናው «ፕሮፋይል» ይባላል። ይህ ጠብ ስላስቸገራቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ስምንት ኩባንያዎች ተሰባስበው ዓለም አቀፍ የቀለም ማኅበር መሠረቱ። በ1996 ደግሞ ማይክሮሶፍትና ሂውሌት ፓካርድ «ኤስ አር ጂ ቢ» የሚባለውን የጋራ ቁና አቀረቡ። በ1998 አዶቢ ሰፋ ያለ የራሱን ቁና አመጣ። በሰፊው ቁና የተሰፈረን ፎቶ ፕሮፋይሉን የማያነብ ፕሮግራም ሲከፍተው፣ ቁጥሩ ሳይነካ ቀለሙ ይደበዝዛል። የቲሸርቱ አመድ ከዚህ የመጣ ነበር።

የማተሚያ ቤቱ ቢጫም ዘመዱ ነው። እዚያ ቀለሙ ወደ አራት የኅትመት ቀለሞች ይገለበጣል፤ በምን ፕሮፋይል እንደሚገለበጥ ካልተነገረ ማሽኑ የመሰለውን ያደርጋል። ባለሙያ ፎቶ አንሺዎች የሚያነሱት «ሮው» የሚባለው ፋይልማ ይብሳል። በላይትሩም ያስተካከሉትን በካፕቸር ዋን ቢከፍቱት ያው አይሆንም፤ የተቀመጠው ያለቀለት ወጥ ሳይሆን የአሠራሩ መመሪያ ነውና፣ ሌላዋ ወጥ ሠሪ በራሷ እጅ ትሠራዋለች።

ፍሬሙ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፎቶ ቤቱን ልወቅስ ሄጄ ፋይሉን አሳየኝ፤ ምንም አልጎደለውም። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ትንሽ ፈካ ያደረግኳቸው» አለኝ ልጁ፣ ሳይደብቅ። «ደንበኛ እንደዚያ ነው የሚወደው። ሳላፈካው ስሰጥ 'አጠቆርከኝ' ብለው ይመልሱልኛል።»

ምን እመልስለታለሁ? ኮዳክ በአሜሪካ ለፎቶ አጣቢዎች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ነጭ ሴት ነበረች፤ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «የሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ተስተካክሏል ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ታተመ። ጥቁር ፊት እዚያ ውስጥ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ቢቀር ደንታ የሰጠው ጥቂት ነው። ያንን ካርድ ፈረንጅ ሠራው እንበል። አጎልማሳው ልጅ ፊት የተደረደሩት ደንበኞች ግን እኛ ነን። ካርዱ ዛሬ ያለው ዓይናችን ውስጥ ነው።

የማሽኑ ጠብ መድኃኒት አለው። ፎቶ ስትልኩ ወደ ኤስ አር ጂ ቢ ቀይራችሁ፣ ፕሮፋይሉን አብራችሁ ላኩ። ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት ትንሿን አሳትማችሁ በቀን ብርሃን ከዋናው ጋር አስተያዩ። ያልተነካውን ዋና ፋይል ማንም እንዳይደርስበት ለብቻ አስቀምጡ። አታሚውንም «እንዳታፈካ» በሉት፤ ካልነገራችሁት ያፈካዋል።

የሁለተኛው መድኃኒት ከእኛው ነው የሚጠበቀው። ፎቶ ጀርባ ላይ «ለማስታወሻ» ብለን ስም እና ዓመተ ምሕረት የመጻፍ ጥሩ ልማድ አለን። አንድ ቃል ብንጨምርበት ምን ይለናል? «ጠይም ነበረች» ብንል፣ ነገ ፋይሉን የሚከፍተው የልጅ ልጅ ቀለሙን ሲያስተካክል የሚያምነው ነገር ያገኛል።