ከቀሃ እስከ ጎርጎራ፦ የጎንደር ባሕር

ባሕር የሚለው ቃል በአማርኛ አንድ ነገር ብቻ አይሰየምበትም፤ ቀይ ባሕርም ባሕር ነው፣ ጣናም በዳርቻው በሚኖረው ሕዝብ አፍ ባሕር ነው፣ በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ የተቆረቆረችው ከተማ ባሕር ዳር መባሏም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ከዚያም አልፎ ታቦት በጥር 10 ቀን ወርዶ የሚያድርበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወንዝ በተጠለፈ ውኃ የሚሞላው ኩሬ ባሕረ ጥምቀት ይባላል። ኢትዮጵያ ኤርትራ ከተለየችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የጨው ባሕር ዳርቻ የላትም፤ በፊት ለዕረፍት ወደ ምጽዋ ይወርድ የነበረው የከተማ ሰውም ፊቱን ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ባሕር ዳር አዙሯል፤ አቅሙ የፈቀደለት እስከ ሞምባሳና ዛንዚባር ይዘልቃል። በጎንደርና በዙሪያዋ ባለው ደጋማ ምድር ግን ሕዝብ በገፍ ወደ ውኃ ዳር የሚወርድበት የጥምቀት በዓል ከእነዚህ መዝናኛዎች ሁሉ በዕድሜ ይቀድማል፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው የጉዞ ማስታወሻ የሚከተለውም ይህንኑ ውኃ፣ ከከተማዋ መዋኛ ተነሥቶ እስከ ጎርጎራ ዳርቻ ድረስ ነው።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ በካርታ ሲታይ በሐሩር ክልል፣ ማለትም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ በምታልፍበት መቀነት ውስጥ ናት፤ ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመቀመጧ የአየር ጠባይዋ ወይና ደጋ፣ ይኸውም በሞቃቱ ቆላና በብርዳሙ ደጋ መካከል ያለ ለዘብተኛ አየር ነው። በጥር ቀኑ ብሩህ ሆኖ ፀሐዩ ቢበረታም ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል፤ ስለዚህም በጥምቀት ንጋት ወደ ውኃ የሚገባ ሰው የሚጠብቀው የሞምባሳ ሙቀት ሳይሆን አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የጎንደር ሕዝብ ወደ ውኃ የሚወርደው ሙቀት ሽሽት እንዳልሆነና በዓሉም የባሕር ዳር ዕረፍት መልክ ይኑረው እንጂ ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ያሳያልና።

ከተማዋን ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 የመንግሥታቸው መቀመጫ ካደረጓት በኋላ፣ ከመሐል ከተማው ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ በቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ሰፊ ገንዳና በመካከሉ በቅስቶች ላይ የቆመ፣ በድንጋይ ድልድይ የሚገባበት ባለ ፎቅ ቤት ተሠርቷል። አንዳንድ ጸሐፍት ሥራውን ለልጅ ልጃቸው ለቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ቢሰጡትም፣ በሕዝቡ ዘንድ ስሙ የዐፄ ፋሲል መዋኛ ነው፤ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው ቦታው በትውፊት የሚታወሰው የንጉሥ የመዝናኛና የመዋኛ ስፍራ ሆኖ ነው። የዘመናት ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ሥሮቻቸውን በአጥሩ ግንብ ላይ እንደ ጣት ዘርግተው ድንጋዩን ጨብጠውት ይታያሉ፤ ድንጋዩ የት አብቅቶ ሥሩ የት እንደሚጀምር ለመለየት ጥቂት ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ገንዳው ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ሆኖ ይከርምና በዓሉ ሲቃረብ የቀሃ ውኃ ተጠልፎ ይገባበታል። የበዓሉ ዋዜማ ከተራ መባሉም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከተረ ማለት ውኃን ገደበ፣ አቆመ ማለት ሲሆን፣ የዋዜማው ስም ከጸሎቱና ከዝማሬው በፊት የሚሠራውን የእጅ ሥራ የሚያስታውስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በጥር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ከተማዋ የሚደርስ መንገደኛ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ ጀምሮ እስከ ፒያሳ ድረስ፣ በዓለም ላይ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች የዕረፍት ወራት ሲገባ የሚታየውን ግርግር ያገኛል፤ የሆቴል ክፍል አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ይቸገራል፣ የመኝታ ዋጋ ይንራል፣ ባጃጆች ከጧት እስከ ሌሊት ይሯሯጣሉ፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የመጡ ዘመዶች በየቤቱ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ያድራሉ፣ በየአዝማሪ ቤቱ ማሲንቆው እስከ እኩለ ሌሊት አያርፍም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ብሂል በቃል ብቻ የሚነገር ሳይሆን በሸማኔውና በሰፊው ደጅ በሚታየው ወረፋ የሚረጋገጥ ነው፤ ለዓመት የተቆጠበው ገንዘብ በጥልፍ ቀሚስ፣ በነጭ ነጠላና በጫማ ላይ ይውላል። ጎረምሳው ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ የሚወረውርበት የቆየ ልማድም ከዚሁ ቀን ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በዓሉ የመተያያና የመተጫጫ ሜዳ ጭምር ሆኖ ኖሯል። በሌላው ዓለም በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ወጣቶች ለመተያየት የሚያደርጉት መሰባሰብ በጎንደር በነጠላ ተሸፍኖ፣ በታቦት ፊትና በእናት በአባት ዓይን ሥር የሚፈጸም ነው፤ ይህም ለበዓሉ ጨዋነትም ድምቀትም ሰጥቶታል።

ከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ በካህናትና በሕዝብ ታጅበው ወደ ቀሃ ይወርዳሉ፤ ሌሊቱ በማኅሌት፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ በሚቀርብ ዝማሬ ካለፈ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ ውኃው ይባረካል። ቡራኬው እንደተፈጸመ በግንቡና በዛፎቹ ላይ ሲጠባበቁ ያደሩት ወጣቶች እየዘለሉ ወደ ገንዳው ይገባሉ፤ ውኃው በእጅ፣ በጣሳና በፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሕዝቡ ይረጫል፤ ለአሮጊቶችና ለሕፃናት በእቃ ተቀድቶ ይወሰዳል። ለአንድ ሰዓት ያህል ቦታው ከየትኛውም የመዋኛ ዳርቻ የበለጠ የተጨናነቀ ይሆናል፤ ዋናተኛውም ተመልካቹም ግን በረከትን የሚሻ ምእመን ነው፤ ለዋና ብቻ የመጣ ሰው እንኳ ሳያስበው የቡራኬው ተካፋይ ይሆናል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ነገሥታቱ የሠሯቸው ግንቦች ደግሞ ፋሲል ግቢ በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ተብለው ነበርና፣ ጎንደር በአንድ ቦታ ላይ ግንቡንም ሥርዓቱንም በዓለም መዝገብ ያስጻፈች ከተማ ሆናለች።

ይህ ሁሉ ደስታ በጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በሐዘን ተቋርጧል፤ በመዋኛው ዙሪያ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፣ በርካቶችም ተጎድተዋል። ለነገሥታት ግቢ ተብሎ የተሠራ ስፍራ በአንድ ንጋት አእላፍን ሲያስተናግድ የመውጫው ጥበት፣ የመቀመጫው ጥንካሬና የሕዝቡ ብዛት እንደ ማኅሌቱ ሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ለሟቾቹ የሚገባው መታሰቢያም ይኸው ጥንቃቄ ነው።

ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ እንግዳው ይበተናል፤ ከፊሉ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲወጣ፣ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጣና ይወርዳል። ቁልቁል የሚሄደው ይህ ሁለተኛው መንገድ ውኃው ራሱ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ጎንደር የተቀመጠችው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ሲሆን፣ ሁለቱ ከከተማዋ በታች ወደ መገጭ ወንዝ ይገባሉ፣ መገጭም የደምብያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ስለዚህ ከቀሃ ተጠልፎ በከተማዋ ለጥቂት ቀናት ባሕር የሆነው ውኃ የመጨረሻ ማረፊያው ትልቁ ባሕር ነው።

ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ የሚደርሰው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው ከከተማዋ ወደ ሐይቁ ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በአማራ ክልል በቅርብ ዓመታት የተቀሰቀሰው ግጭት በዚህ መንገድ መመላለስን አስቸጋሪ ስላደረገው፣ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት ሁኔታውን የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ይኖርበታል። ጎርጎራ ከጎንደር የቀደመች መናገሻ ናት። የዐፄ ፋሲል አባት ዐፄ ሱስንዮስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 በነገሡበት ዘመን፣ በዚሁ ዳርቻ ከተማ አድርገው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1614 ገደማም የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው የእስፔኑ ተወላጅ ፔድሮ ፓኤዝ በሐይቁ ላይ ገባ ባለው ልሳነ ምድር ላይ በድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠርቶላቸዋል፤ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተውም በጎርጎራ ነው። በዚያ ዘመን ነገሥታት በበጋ ለዘመቻ ዙረው በክረምት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት፣ በአንድ ቦታ ይሰፍሩ ስለነበር፣ ከረመ የሚለው ግሥ ዝናቡን አሳለፈ የሚል ትርጉም ተሸክሞ ኖሯል፤ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻም ከእነዚህ መክረሚያዎች አንዱ ነበር።

እንዲህ ያለ ውበት ያለው ዳርቻ ስለምን የሕዝብ ማረፊያ ሳይሆን ቆየ የሚለው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ወባ ነው። ደምብያ ሜዳማና ረግረጋማ በመሆኑ ዝናቡ ሲያቆም የወባ ትንኝ ይራባበታል፤ ደገኛውም ቆላን በጥርጣሬ ሲያይ የኖረው ልጆቹን በዚሁ በሽታ እየቀበረ ስለተማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በደምብያ የተነሣው ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም መነሻው ያ ኮሌጅ ነው። ከወባ በተጨማሪ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ይህ በትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በውኃ ውስጥ የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ ሲሆን፣ ላንጋኖ ከዚህ ነፃ በመሆኑ ለዋናተኞች የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በጣና ጉማሬም ስለሚኖር፣ በጎርጎራ ዕረፍት ማለት በዋናነት መዋኘት ሳይሆን መቀመጥ፣ መመልከትና በጀልባ መሄድ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ዕረፍት ግን ቦታው የሚተካከለው ጥቂት ነው። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዛፎች መካከል፣ በሣር ክዳኗ ሥር፣ የ17ኛው መቶ ዘመን የግድግዳ ሥዕሎቿን ይዛ ትገኛለች፤ ሥዕሎቹን ያሠሩት የዐፄ ፋሲል እኅት መለኮታዊት እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል። ጣልያን በአገሩ በቆየበት ዘመን ጎርጎራን የሐይቅ ወደብ አድርጓት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት በደልጊ፣ በቁንዝላ፣ በደቅ ደሴትና በዘጌ እየቆመ ባሕር ዳር የሚደርስ የሕዝብ ጀልባ ይነሣባት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር መርሐ ግብር ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዷ በመሆኗም በዳርቻዋ ትልቅ ሪዞርት ተሠርቷል። የሪዞርቱ መሠራት የሚያስደስት ሲሆን፣ ለአንድ የጎንደር መምህር ወይም ነጋዴ ቤተሰብ የሚበጀው ግን ከእርሱ ጎን ርካሽ ማደሪያ፣ የሚያስተማምን የሕዝብ ጀልባና የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ ጥብስ የሚቀርብባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች መስፋፋት ነው፤ ዳርቻ የሕዝብ የሚሆነው ብዙኃኑ ሲደርስበት ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን እምቦጭ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ አረም በጣና መስፋፋቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ አስቀድሞ የታየውም በሰሜኑ ዳርቻ፣ መገጭ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። አረሙ የሚፋፋው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ በሚመጣ አፈር፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ሲሆን፣ የደምብያ ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት የከረሙት ይህ አረም ከሚመገበው ውስጥ የጎንደር ፍሳሽ ድርሻ አለው። በጥር በቀሃ ዳር የሚጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ዓመቱን ሙሉ ወደ አንገረብ የሚለቀቀው እጣቢ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር ሁሉ መንገዱ አንድ ነው፤ ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ መባሉ ይህን መንገድ አይዘጋውም። ስለዚህ ጎርጎራ ንጹሕ ዳርቻ እንዲኖራት የሚሻ ሁሉ ሥራውን ከሐይቁ ሳይሆን ታቦት ከሚያድርበት ወንዝ መጀመር አለበት፤ ውኃውን ቀድሶ የሚጠጣ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ረጅም ትምህርት አያሻውም።

ማምሻውን በጎርጎራ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ዓሣ አስጋሪዎች በታንኳ ወደ ዳር ይመለሳሉ። ታንኳ በሐይቁ ጠርዝ ከሚበቅለው ደንገል፣ ማለትም ቀጥ ብሎ ከሚያድግ ረጅም የውኃ ተክል፣ ታስሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በአሠራሩ የታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ አስጋሪው ዓሣውን አራግፎ እንደጨረሰ ታንኳውን ከውኃ ያወጣና እስኪነጋ እንዲንጠፈጠፍ በቁሙ ያስደግፈዋል።