የቻይና መንገድ

በሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ በተባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና ሳልጠጣ ያለፈ ቅዳሜ ጥቂት ነው። የከተማው ምክር ቤት በ2002 (እ.ኤ.አ.) «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው በዚያ አጭር መንገድ፣ ሦስት ዓመት ቻይና ተምሬ መምጣቴን የሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ውሻ አበሉህ?» ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ሁለተኛ ጥያቄ ግን አይከተልም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት ላልተጠየቅሁት ለዚያ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ነው።

ከእኛ በፊት በውጭ አገር የተማረው ትውልድ ስለ ቻይና ብዙ ተናግሯል። ማኦን እያነበበ፣ ስለ ገበሬው ሚና ሲከራከር ሌሊቱን ያነጋ ነበር፤ አብዛኛው ግን ቻይናን የሚያውቃት በወረቀት ነበር። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ስለ ፓርቲው የተማርኩትን አብዛኛውን ረስቼ የሾርባውን ሽታ ይዤ ቀርቻለሁ። ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ጂንኋ የምትገኘው በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር መካከል፣ ከባሕሩ ራቅ ብላ ነው። የነዋሪዋ ቁጥር ከሚሊዮን የሚያልፍ ሆኖ ሳለ ቻይናውያን «ትንሽ ከተማ» ይሏታል። በአገሯ የምትታወቀው በጨው ታሽቶ በሚደርቅ የአሳማ ጭን ነው። የመርካቶ ማበጠሪያና መጫወቻ የሚጫንባት ዪዉ በዚሁ በጂንኋ አስተዳደር ሥር ናት፤ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ነጋዴዎቻችን ዪዉን እንደ ጓሯቸው ያውቋታል፤ ጂንኋ ላይ የሚወርዱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እዚያ የደረስኩት በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ቻይና በወረርሽኙ ምክንያት በውጭ ተማሪዎች ላይ ዘግታው የነበረውን በር የከፈተችው በዚያው ክረምት ስለነበረ፣ እንደገባሁ 7 ቀን ሆቴል ውስጥ ተዘግቼ ጉሮሮዬ ሲመረመር ሰነበተ። አዲስ የመጣ የውጭ አገር ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበትና ከዚያ ደግሞ ተመዘገብኩ። የአገሬ ስም በቻይንኛ በ5 ፊደላት እንደሚጻፍ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መዝጋቢው ወጣት ቀስ ብሎ ጻፈውና፣ ርዝመቱ እርሱንም እንደገረመው ሁሉ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ተመለከተው።

አውቶቡስ ውስጥ ከአጠገቤ ያለው ወንበር መጨረሻ የሚያዘው ነበር። ሕፃናት «ላዎዋይ!» (የውጭ ሰው) እያሉ በጣታቸው ያሳዩኛል፤ አሮጊቶች ፀጉሬን ይነካሉ። መጀመሪያ ላይ እጅግ ከነከነኝ። ቁጣዬን ያበረደው የገዛ ራሴ ትዝታ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ከተማ ነው። ከወልዲያ ወረታ የሚያደርሰው መንገድ በከተማችን ያልፋል፤ ያገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ፔኪንግ ሄደው ማኦ ሴቱንግን ባነጋገሩበት በ1971 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመ የእርዳታ ውል የተወጠነ፣ በደርግ ዘመን የተጠናቀቀ መንገድ ነው። አያቴ በዚያ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት ድንጋይ ፈልጠዋል። እኛ ልጆቹ ደግሞ በተራችን፣ ጃፓናዊ ይሁን ኮሪያዊ ሳንለይ፣ ያገኘነውን መንገደኛ «ቻይና! ቻይና!» እያልን እስከ ከተማው ዳር እንሸኘው ነበር። ድንጋይ የወረወረም ልጅ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን አልናገርም።

ከሁሉ የከበደኝ ምግቡ ነው። በመጀመሪያ ያጠናሁት ዐረፍተ ነገር «አሳማ አልበላም» የሚል ነበር። ከግቢው በር ፊት ሾርባ የምትሸጥ ሴት ይህን ስትሰማ ክንዴን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝና አረንጓዴ ሰሌዳ ወደተሰቀለበት አንድ ቤት አስገባችኝ። ባለቤቱ ነጭ ቆብ የደፉ፣ ከቺንግሃይ የመጡ የሁይ ሙስሊም ነበሩ፤ በእጅ እየተጎተተ የሚቀጥን ፓስታ ከበሬ ሥጋ መረቅ ጋር ይሸጣሉ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉኝ። ክርስቲያን ነኝ ስላቸው ሴትዮዋንና እኔን ተራ በተራ አዩን፤ አሳማ የማይበላ ክርስቲያን አይተው አያውቁም። እኔም በበኩሌ ሌላ ጣጣ ነበረብኝ። ጋይንት ውስጥ ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፤ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። ሦስት ቀን ፓስታውን ያለ ሥጋ በላሁ። በአራተኛው ቀን ሥጋ ያለበትን አዘዝኩ። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ይህ መጽሔት ነፋስ መውጫ እንደማይደርስ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰውየው በጂንኋ 11 ዓመት ኖረዋል። የከተማው ሰዎች ግን «ዋይዲረን»፣ የሌላ ቦታ ሰው፣ ይሏቸዋል። በቻይና «ሁኮው» የሚባል የቤተሰብ መዝገብ አለ፤ መዝገቡ በትውልድ ቦታው የቀረ ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ቢኖር ለልጁ ትምህርትም ሆነ ለሕክምናው እንደ ከተማው ተወላጅ አይታይም። የበኩር ልጃቸው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲል ከአያቱ ዘንድ ቺንግሃይ ተመልሷል። በአንጻሩ እኔ ባዕዱ፣ በወር 3,000 ዩዋን ከመንግሥታቸው ተቆርጦልኝ፣ መኝታ ተሰጥቶኝ እማር ነበር። ከሁለታችን እንግዳው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሳስብ ደግሞ አገሬ ትመጣብኛለች። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት 5 ብሔረሰቦችን ባለቤት ብሎ በስም ዘርዝሮ የቀረውን ነዋሪ «ሌሎች ሕዝቦች» ብሎ አልፎታል። ተወልዶ ካደገበት ቀበሌ «መጤ» ተብሎ የተባረረውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። የእኔ እንግድነት ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፎ የሚያበቃበት ቀን ነበረው፤ ለመጤው ግን ቀን አልተቆረጠለትም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉም ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 2013፣ በሌላኛው ጦርነት ነፋስ መውጫ ምን እንደደረሰባት የምታውቁ ታውቃላችሁ። የቤታችን ስልክ አልነሣ አለ። ትምህርት የተዘጋበት ወቅት ስለነበረ ግቢው ባዶ ነበር፤ እኔም ከክፍሌ መውጣት አቆምኩ። በ9ኛው ቀን የበሩ ዘበኛ ጠራኝ። ወርጄ ሳይ የፓስታ ቤቱ ትንሹ ልጅ በላስቲክ የተቋጠረ መረቅ ይዞ ቆሟል። እናቱ «ያ ረጅሙ ኢትዮጵያዊ ለምን ቀረ?» ብላ ልካው ነው። ልጁ እንደ አገሩ ወግ «ቺ ለ ማ?» አለኝ፤ «በልተሃል?» ማለት ነው። ይህ ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱም «በልቻለሁ» ነው። እኔ «አልበላሁም» አልኩት። ግራ ገባው። የዘበኛውን በርጩማ ስቦ ሰጠኝና እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ።

ያ ያስመርረኝ የነበረው የከተማው ዓይን ነው መቅረቴንም ያየው። ፌርፋክስ ላይ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም፤ ቋንቋዬ ይነገራል፣ እንጀራውም አለ። ባለፈው ጥር ሁለት ሳምንት ታምሜ ተኝቼ ስመለስ መቅረቴን ያወቀ ሰው አላገኘሁም። ለወቀሳ አልጽፈውም፤ ሰዉ ሁለት ሥራ እየሠራ የሚያድርበት ከተማ ነው፤ እኔም ብሆን ከጎኔ ቡና ሲጠጣ የነበረው ሰው ከመቼ ወዲህ እንደጠፋ ልብ ብዬ አላውቅም።

የቤታችን ስልክ የተነሣው በ23ኛው ቀን ነው፤ ያነሡትም አያቴ ናቸው። ሁሉም በሕይወት እንዳሉ ከነገሩኝ በኋላ ስለ ልጁና ስለ መረቁ አጫወትኳቸው። ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ፣ መንገዱ ሲሠራ ቅየሳ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ቻይናዊ ክረምቱን ሙሉ በደጃቸው ይመላለስ እንደነበር፣ ማታ ማታም ከድንኳኑ ፊት ብቻውን ተቀምጦ ያፏጭ እንደነበር ነገሩኝ።

«ውሻ ይበላል እያሉ ሴቶቹ ይፈሩት ነበር» አሉ።

«አንድ ቀን እንኳ ለቡና ጠርታችሁት አታውቁም?» አልኳቸው።

«አልጠራነውም» አሉ። ጥቂት ቆይተው «ስሙንም አልጠየቅነው» አሉ።